ከሙሾ አውራጆች ረድፍ የጎደሉት አቶ ፍሎሪያን ታሜል

አቶ ፍሎሪያን ታሜል ከአባታቸው ከአቶ ማኑዌል ታሜልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮዛሊን፣ በነጎምቦ ሐይቅ ዳር ባለችው በካዶልዱዋ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 17 ቀን 1941 ተወለዱ። ሲወለዱ አባታችን ባሕር ላይ ነበሩ። ሴቶቹ የምሥራቹን ለመንገር ዳር ቆመው ነጭ ጨርቅ ቢያውለበልቡላቸው፣ አባታችን የሐዘን ቀለማችን የሆነውን ነጩን ሲያዩ ሰው የሞተ መስሏቸው መረባቸውን እዚያው ጥለው እየቀዘፉ መጡ። መረቡ በዚያው ጠፍቶ ቀረ። ወንድሜም ባጠፉ ቁጥር «መረብ አስጥሎ የመጣ ልጅ!» እየተባሉ አደጉ።

ይህን የምጽፈው የመጨረሻ ታናሽ እህታቸው ሊዮኒ ነኝ። ከአምስታችን የቀረሁት እኔው ብቻ ነኝ። የፊልም ሰዎች ማኅበር የራሱን ጽሑፍ አዘጋጅቶ ልኮልን ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን ወንድሜን ሰባት ዓመት አሳንሶ ስላገኘሁት አስቀርቼዋለሁ። ጥፋቱ የማኅበሩ አይደለም፤ ወንድሜ ትክክለኛ ዕድሜያቸውን ለጋዜጠኛ ተናግረው ስለማያውቁ ነው። እዚህ የተጻፈው የክርስትና መዝገብ ላይ ያለው ነው። ሌላም ማኅበሩ የማያውቀው ነገር አለ፤ ይነበብልኝ ብለው ራሳቸው አደራ ያሉኝ ስለሆነ፣ ቢረዝምም ታግሣችሁ ስሙኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰበካው የወንዶች ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ተምረዋል ማለት እንኳ ይከብዳል፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እያንጎራጎሩ ሲገረፉ ነው የከረሙት። እውነተኛው ትምህርት ቤታቸው የሙሾ አውራጆች ረድፍ ነበር። በእኛ ሰፈር ፓሳን የምንለው የሕማማት ሙሾ የሚወርደው በዐቢይ ጾምና በሐዘን ቤት ብቻ ነው። ወረቀት አይያዝም፤ አባት ለልጁ በቃል ያስጠናዋል። በስቅለት ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ሰዎች በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆሙና ያወርዱታል። የዚያ ረድፍ መሪ አባታችን ነበሩ። ወንድሜ በአሥራ አንድ ዓመታቸው ማርያም በመስቀሉ ሥር የምታለቅስበትን ክፍል እንዲያወርዱ ሲሰጣቸው፣ እኔ ገና በማኅፀን ነበርኩ። እናታችን «ያን ቀን አንቺም ሆዴ ውስጥ ዝም ብለሽ አዳመጥሽው» ይሉኝ ነበር።

በ1957 ወደ ኮሎምቦ ሄደው በአጎታችን የደረቅ ዓሣ መደብር ተቀጠሩ። ቀን ዓሣ እየመዘኑ፣ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ቤት እየዘፈኑ ስድስት ዓመት ኖሩ። የሬዲዮ ጣቢያውን የድምፅ ፈተና መጀመሪያ ወደቁ፤ ዓሣ ዓሣ ስለሸተቱ ነው የጣሉኝ ብለው ሲምሉ ኖረዋል። ሁለተኛውን ግን በአዲስ ሸሚዝ ተፈትነው አለፉ።

በ1963 ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም ታዩ። በማዕበል የሚሞት ዓሣ አጥማጅ ሆነው ነው፤ ብቅ ካሉበት እስከሚሞቱበት አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰፈራችን ሁለት አውቶቡስ ተከራይቶ ነጎምቦ ሲኒማ ቤት ገባ። ለካ ዳይሬክተሩ ፊታቸው እንዲታይለት ብሎ መረቡን ወደ ነፋሱ አስወርውሯቸው ኖሯል! አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አንዱ ከኋላ፣ «ማኑዌል! ለልጅህ መረብ መወርወር እንኳ አላስተማርከውም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። አባታችንም ዞር ብለው፣ «እኔ ያስተማርኩት ዓሣ ሊይዝበት ነው፤ ይሄ እንደሆነ ሰው መያዝ ጀምሯል» አሉ። እናታችን ግን ወንድሜን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጭምቅ አድርገው ይዘው፣ ልጄ ሞተብኝ እያሉ ሲያለቅሱ አመሹ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተከታተለላቸው። በዚያን ዘመን የፊልም ዘፈን አስቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀዳና ቀረጻው ቦታ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ ተዋናዩ ከንፈሩን ከዘፈኑ ጋር እያስማማ ያንቀሳቅሳል። ወንድሜ በዚህ ሥራ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ሌላ ሰው የዘፈነውን እንኳ ሲያስመስሉ የአንገታቸው ሥር ሳይቀር ይገተር ነበር። ሌሎች ተዋንያን እየመጡ ሲሠሩ ያዩአቸው እንደነበር ነግረውኛል።

በ1967 ዋና ተዋናይ ሆነው በሚሠሩበት ፊልም አንድ የፍቅር ዘፈን ጎደለ። የሙዚቃው ኃላፊ አቶ ሶማሲሪ ከላይ ከተራራው አገር የመጡ፣ ስለ እኛ ጾምም ሆነ ስለ እኛ ሙሾ የሚያውቁት ነገር የሌላቸው የቡድሃ እምነት ተከታይ ነበሩ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ወንድሜ ሩዛቸውን እየጠቀለሉ ያንኑ የማርያምን ልቅሶ ሲያንጎራጉሩ ሰሟቸው።

«ይሄ ዜማ የማነው?» አሉ አቶ ሶማሲሪ።

«የማንም አይደለም፤ የሰፈሬ ነው» አሉ ወንድሜ።

አቶ ሶማሲሪ ከዚህ በላይ አልጠየቁም፤ ምን ያድርጉ? የማንም አይደለም ተብለዋል። በማግስቱ በዚያው ዜማ ላይ ከሐይቁ ማዶ ላለች ቆንጆ የሚዘፈን ግጥም ተሠራበት። ወንድሜ ያን ጊዜ እንቢ ማለት ይችሉ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ስማቸው በግድግዳ ወረቀት ላይ በትልቁ ሊጻፍ ነው። እንቢ አላሉም። ፊልሙ ወራት ሙሉ ከሲኒማ ቤት አልወረደም፤ ዘፈኑን ያልዘፈነ የአውቶቡስ ረዳት፣ ያላፏጨው ብስክሌተኛ አልነበረም።

እነሆ የ1968 ስቅለት ደረሰ። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር፤ ሁሉንም ዐይኔ አይቷል። አባታችን የማርያምን ልቅሶ ጀመሩ። ከኋላ ጎረምሶቹ በአፍንጫቸው ሳቁ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አንዱ ባለጌማ አፏጨ! አባታችን ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሠላሳ ዓመት ሲያወርዱት አንድ ቀን ቆመው አያውቁም። ከረድፉ ወጥተው፣ በባዶ እግራቸው፣ ማንንም ሳያዩ ወደ ቤት ሄዱ።

ለስቅለቱ ከኮሎምቦ መጥተው ረድፉ ላይ ቆመው የነበሩት ወንድሜ ተከትለዋቸው ገቡ። አባታችን ጀርባቸውን እንደሰጧቸው የተናገሩትን አንድም ቃል አልረሳሁም። «ሰው ስቆብኝ የቆምኩ መሰለህ? ሰው ይሳቅ። በአፌ የመጣብኝ ያንተ ዘፈን ነው፤ እኔ ራሴ! በጌታ ስቅለት ላይ ቆንጆ ልጅ ልጠራ ነበር። እናቲቱን ከአፌ ነጠቅኸኝ። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ረድፍ ላይ አትቆምም።» ሽማግሌዎቹም በሳምንቱ ተሰብስበው ይኸንኑ አጸኑት። ቤተ ክርስቲያን መግባት፣ መቁረብ አልተከለከሉም፤ ፓሳን ማውረድ ግን ተከለከሉ። ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለካዶልዱዋ ልጅ ግን ከቤት እንደ መባረር ነው።

በ1970 በፊልም ልብስ ሰፊነት ትሠራ የነበረችውን ወይዘሮ ካንቲን አግብተው ወንድ ልጅና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ካንቲ የቡድሃ እምነቷን ይዛ ቀርታ ልጆቿን ክርስትና አስነሥታለች፤ በየስቅለቱም ወንድሜን አጅባ ትመጣ ነበር። አንድ ጊዜ እዚሁ ደጅ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ለእኔ ለእንግዳዋ ከፊት ወንበር ይዛችሁልኝ፣ የራሳችሁን ልጅ ከኋላ ታስቆሙታላችሁ። ጉድ ነው!» አለች።

አቶ ፍሎሪያን በስድሳ ሦስት ፊልሞች ተውነዋል፤ ከሁለት መቶ በላይ ዘፈኖችም አስቀርጸዋል። በወጣትነታቸው አፍቃሪ፣ በጎልማሳነታቸው ክፉ ባለ ርስት፣ ፀጉራቸው ሲሸብት ደግሞ የሙሽራ አባት ሆነው ሠርተዋል። ክፉ ባለ ርስት በነበሩበት ዘመን ገበያ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ያቺ ምስኪን ልጅ ምን አደረገችህ?» ብላ በኮኮናት መፋቂያ መትታቸዋለች። ወንድሜ ከተሸለሙት ሁሉ ያን ያበጠ ግንባር ያስበልጡት ነበር። ለሥራ ባልደረቦቻቸው ቸር፣ ለራሳቸው ግን ትንሽ ቅምጥል ነበሩ፤ ፀጉራቸውን ሳያበጥሩ በር አይከፍቱም።

ያ ዘፈን ግን አለቀቃቸውም። በ1974 ኩሩኔጋላ በአንድ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ አልዘፍነውም አሉ። ሌላ አራት ዘፈን ዘፈኑ፤ ሕዝቡ በጭብጨባ ያንኑ እየጠራ ከመድረክ አላስወርድ አላቸው፤ አዘጋጁም ከመጋረጃ ኋላ እጁን አጣምሮ ለመናቸው። ዘፈኑት። ከዚያ ወዲህ ባገር ውስጥም፣ የእኛ ሰዎች በሞሉበት በጣልያን አገርም፣ በዐረብ አገርም ሳይዘፍኑት የወረዱበት መድረክ የለም። «ናንጊ፣ ከአባታችን ሆይ ይልቅ እሱን ብዙ ጊዜ ብያለሁ» አሉኝ አንድ ቀን። ናንጊ ታናሽ እህት ማለት ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ እኔም እንደ ደንባችን አይያ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እላቸው ነበር።

አባታችን በ1983 በጾም ወራት ዐረፉ። ሬሳቸው ቤት ውስጥ ተጋድሞ ረድፉ ፓሳን ሲያወርድ፣ የበኩር ልጃቸው፣ ከሁሉ የሚበልጥ ድምፅ ያላቸው ወንድሜ፣ ውጭ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ቆመው ነበር። ማንም አልያዛቸውም፤ የአባታቸውን ቃል ነው የጠበቁት። እውነቱን ልናገርና ያን ቀን አባቴን ጠልቻቸዋለሁ። እግዚአብሔርም እሳቸውም ይቅር ይበሉኝ።

በ1998 ሥራ ሲቀዘቅዝ ከካንቲ ጋር ጠቅልለው ካዶልዱዋ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ለረድፉ ሽማግሌዎች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ በሁለት መስመር ብቻ፣ ልቁም ወይ ብለው። መልሱ በየዓመቱ «ዘንድሮ አይሆንም» ነው። ዘንድሮ የምትለዋ ቃል ናት ያኖረቻቸው። እኔ ስናደድ፣ «ተይ እንጂ፤ ለከርሞም አይሆንም አላሉም እኮ» ይሉኝ ነበር። ፊልም ላይ ሲቆጡ አገር የሚያንቀጠቅጡት ሰውዬ!

በዐሥራ ስድስተኛው ደብዳቤ፣ በ2014፣ መልሱ በወረቀት አልመጣም። አብሮ አደጋቸውና የረድፉ መሪ አቶ ሲልቬስተር በእግራቸው መጡ። በረንዳው ላይ ቆመው፣ «በል ና ቁም። እነዚያ ሽማግሌዎች አልቀዋል፤ አሁን ሽማግሌው እኔ ነኝ። ቦታህ በቀኜ ነው» አሏቸው። ወንድሜ ገብተው ፊታቸውን ታጠቡ። ሲወጡ ግን ዐይናቸው ቀልቶ ነበር።

ጾሙን ሙሉ እኔ ቤት እየመጡ አጠኑ። አባታችን ያስጠኑትን እያንዳንዱን መስመር፣ አንድም ሳይስቱ፣ አሳምረው አወረዱት። ጎረቤቶች ሥራቸውን ትተው ከአጥር ውጭ ያዳምጡ ነበር። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው ቢጎረንንም አንጀት ይበላል። ነጭ ልብሳቸውን ሦስት ጊዜ አስተኮሱኝ።

በስቅለት ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአቶ ሲልቬስተር ቀኝ ቆሙ። ደጁ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ከኮሎምቦ ድረስ የመጣ ሰው ነበር። የማርያም ልቅሶ ሲጀመር ወንድሜ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ የአንገታቸው ሥር እየተገተረ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው አወረዱ። ሕዝቡ አለቀሰ። አንዳንዶቹ ጎረምሳ ሳሉ በአፍንጫቸው የሳቁት ነበሩ፤ ሲጨርሱ መጥተው እጃቸውን ሳሙ። «እንዲህ ያለ ድምፅ ከእንግዲህ አንሰማም» ያላለ አልነበረም። ዛሬም እዚህ ተቀምጣችሁ ይህን የምታወሩ አላችሁ።

በማግስቱ ሻያችንን ይዘን በረንዳዬ ላይ ስንቀመጥ፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ናንጊ፣ አንዲት ቃል አልወጣኝም» አሉኝ።

«የምን ቃል?»

«አፌን ስከፍት፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ስመለከት፣ የመጣብኝ ዘፈኑ ነው። የማርያም አልመጣም። ሕዝብ ፊት አፌ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው። ደነገጥኩና ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። ሥራዬ አይደል? አባባ እንኳ ሲመጣባቸው አቁመው ወጡ፤ እኔ ቆሜ አስመሰልኩ። ሄጄ ለሲልቬስተር ልንገረው።»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተጽፎ ይቀመጥ። «እረፍ! ሞኝ አትሁን። ሰፈሩ በደስታ አልቅሶ የተኛው ትናንት ነው። አርባ ስድስት ዓመት ጠብቀህ በአንድ ቀን ልታፈርሰው ነው? በሆድህ ያዘው» አልኳቸው። እሳቸውም ያዙት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ስቅለቶች ጉልበቴን አሞኛል እያሉ ረድፉ ላይ አልቆሙም። እናንተ ትሕትና መሰላችሁ። ጉልበታቸው ደህና ነበር። ሰው በመንገድ አስቁሞ ያን ቀን እንዴት እንዳወረዱ ሲያመሰግናቸው ፊታቸው ሲጠቁር አይ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

በ2017 መጀመሪያ ላይ የጉበት ሕመም አገኛቸው። በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ አልጋ ላይ ሲውሉ አደራቸውን ነገሩኝ። «ስሞት የሕይወት ታሪኬን አንቺ ጻፊው። ፓሳን ከመውረዱ በፊት ይነበብ። ሰምተው ሊያወርዱልኝ ከወደዱ ያውርዱልኝ፤ ካልወደዱም እውነታቸውን ነው። ያልዘፈንኩትን ዘፈነ ተብዬ መቀበር ግን አልፈልግም» አሉ። ነሐሴ 9 ቀን 2017፣ ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በዙሪያቸው ሳሉ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ፍሎሪያን ታሜል ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ሲሆኑ፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ካንቲን፣ ልጆቻቸውን ኒሮሻንን፣ ዲልሩክሺንና ሹሪንን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ጽሑፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ትናንት ጠዋት ለአቶ ሲልቬስተር ወስጄ አሳየኋቸው። ረድፉ የሳቸው ነው፤ ሳያውቁ ሕዝብ ፊት ማዋረድ አይገባም ብዬ ነው። መረብ እየጠገኑ አገኘኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወንድሜ በረንዳዬ ላይ እስከነገሩኝ ድረስ ያለውን አነበቡና ወረቀቱን መለሱልኝ።

«ሊዮኒ፣ እኔ ደንቆሮ ነኝ እንዴ? ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እኮ ነው የቆምነው።»

«ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ ነዋ! የሱንም ደርቤ አወረድኩለት። ድምፄ ለሳምንት ዘግቶብኝ አልነበር?»

«ታዲያ ምነው ብትነግረው፣ ሲልቬስተር አይያ? በዚህ ነገር ሲብሰለሰል እኮ ነው የሞተው!»

«እንዳያፍርብኝ ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ መረቡን ጭናቸው ላይ እንደያዙ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ሦስታችን አንድ ቀን፣ አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ብንነጋገር ኖሮ በሩብ ሰዓት ያልቅ የነበረ ነገር ነው። አይ ወንድሜ!

በመስቀሉ ሥር ያለቀሰችው እናት ልጇን ትለምንልዎት፤ መሐሪው አምላክ ነፍስዎን በደጋጎቹ ዕቅፍ ያኑርልን፤ ለካንቲና ለልጆቹም መጽናናቱን ይስጥልን።

አቶ ሲልቬስተር ስለ ቀብሩ ሥርዓት ይጻፍልኝ ያሉት ይህን ነው፦ አሁን ፓሳን ይወርዳል። ለወንድሜ የተተካ ሰው የለም፤ ረድፉ የሚቆመው በአሥራ አንድ ሰው ነው። ሣጥናቸው ከፊት አይቀመጥም፤ በረድፉ ውስጥ፣ በአቶ ሲልቬስተር ቀኝ ይቀመጣል።